ፍቅርን የተማሩ መምህርት፤ የወይዘሪት አናሌና ቶኔሊ ሕይወት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚበር መንገደኛ የሐረርጌን ደጋ ካለፈ በኋላ ምድሪቱ ቀስ በቀስ እየተራቈተች፣ ዛፉም እየሳሳ ሲሄድ ያያል። አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር በግራር ቍጥቋጦ መካከል የተዘረጋ አንድ ረጅም መንደርደሪያ ይታየዋል፤ ይኸውም የሀርጌሳ አየር ማረፊያ ነው። አየር ማረፊያው በ2002 በሞቱት በሶማሊላንድ ፕሬዚዳንት በመሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ስም ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ይህ ሜዳ ከባድ ትዝታ ያለበት ሜዳ ነው። በ1988 በሰሜኑ ክፍል የተነሣውን ዐመፅ ለመደምሰስ የዚያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ከዚሁ መንደርደሪያ እየተነሡ፣ አጠገባቸው ያለችውን የገዛ አገራቸውን ከተማ በቦምብ ደበደቡ። ከተማይቱ ፈረሰች፤ ሕዝቧም በመቶ ሺሕ እየተቈጠረ ወሰን ተሻግሮ ወደ አገራችን ገባ፤ ከጅጅጋ ወዲያ በሐርቲ ሼክ ሜዳም ጎጆውን ቀለሰ። ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ መንግሥት ከሕዝቡ እንዲህ ከተለያየ በኋላ በዚያ ምድር ስለ ፍቅር የሚናገር ሰው ቢገኝ ማን ይሰማዋል የሚያሰኝ ጊዜ ነበር።

ከዚሁ አየር ማረፊያ ወጥቶ በመኪና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው ቦራማ ከምትባል ከተማ ይደርሳል። ቦራማ በ1993 የአገሩ ሽማግሎች ብዙ ወራት ተሰብስበው የመከሩባትና ዕርቅ ያደረጉባት፣ ኢጋልንም ለፕሬዚዳንትነት የመረጡባት ከተማ ናት። ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ ወደዚህች ከተማ አንዲት ኢጣሊያዊት ሴት መጡና የነቀርሳ ሕመምተኞችን ማስታመም ጀመሩ። መነኵሲት አልነበሩም፤ ሐኪምም አልነበሩም፤ የማንም መንግሥት መልእክተኛ አልነበሩም። የተማሩት ሕግ ነው፤ ሥራቸውን የጀመሩትም በመምህርነት ነው። ስማቸው ወይዘሪት አናሌና ቶኔሊ ይባላል።

ስለ እኚህ ሴት የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሞታቸው ይጀምራሉ። እኔ ግን የሞታቸው ነገር ከሕይወታቸው ትንሹ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት የምእመን ዕድገት ከፍቅር ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ያለ ፍቅር ሙሉ ሰው ወደ መሆን የሚደርስ እንደሌለ ያስተምራል። ይህን ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምተን እንደ መልካም ምክር ተቀብለን እንሄዳለን። አንድ ሰው ግን በእርግጥ በምን ዐይነት መንገድ ከሕፃንነት ወደ ሙሉ ሰውነት እንደሚያድግ፣ ፍቅርንም ከማን እንደሚማር ለማየት የወይዘሪት አናሌና ሠላሳ አራት የአፍሪካ ዓመታት ጥሩ ማስረጃ ናቸው።

ወይዘሪት አናሌና በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፎርሊ ከተማ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1943 ተወለዱ። ወላጆቻቸው ልጃቸው ተምራ ማዕርግ እንድትይዝ ይመኙ ስለ ነበር ሕግ ተምረው በዲግሪ ተመረቁ። ይሁን እንጂ የወጣትነት ዘመናቸውን ከሕግ መጻሕፍት ይልቅ የያዘው የከተማቸው ድኻና አሳዳጊ ያጣ ልጅ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ደከሙ። በ1963 ከጓደኞቻቸው ጋር በዓለም ላይ ያለውን ረኃብ ለመዋጋት የሚሠራ ኮሚቴ በፎርሊ አቋቋሙ፤ ይህም ኮሚቴ በኋለኛው ዘመን ሁሉ ገንዘብ እየሰበሰበ ሲረዳቸው ኖረ። ልባቸውን ከሳቡት ሰዎች አንዱ የሕንዱ ማህትማ ጋንዲ፣ ሌላውም ፈረንሳዊው መናኝ ሻርል ደ ፉኮ ነበሩ። ፉኮ በአልጄሪያ በረሓ ከቱዋሬግ እስላሞች መካከል ጎጆ ሠርተው ሲኖሩ አንድም ሰው ወደ ሃይማኖታቸው እንዲገባ አላስገደዱም፤ በ1916 ሲገደሉም ከሥራዎቻቸው ትልቁ የዚያን ሕዝብ ቋንቋ የያዘ መዝገበ ቃላት ነበር። የሌላውን ሰው ቃል አንድ በአንድ ለቅሞ መጻፍ የፍቅር ሥራ መሆኑን መምህራን የምናውቀው ነገር ነው።

በጃንዋሪ 1969፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው፣ ወይዘሪት አናሌና ወደ ኬንያ ሄዱ። በመጀመሪያ በደጋው ክፍል፣ ጥቂት ቈይተውም በሰሜን ምሥራቅ ባለችው በዋጅር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ሆኑ። ዋጅር ሶማሌዎች የሚኖሩባት በረሓ ናት። ኬንያ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በዚያ አውራጃ የተነሣው የሽፍታ ጦርነት ከሚባለው ጦርነት የተነሣ ሕዝቡ እስከ 1991 ድረስ በልዩ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ይገዛ ነበር፤ ስለዚህ ከውጭ የመጣን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ የሚያይ ሕዝብ ነው። የጕድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ይላል። ከብቱ ግመል ነው፤ ቤቱ ተነቅሎ በግመል የሚጫን ጎጆ ነው።

ወይዘሪት አናሌና እዚህ አገር የደረሱት ለድኾች ሁሉን ልስጥ ብለው ነው። ይህ ሐሳብ የተቀደሰ ቢሆንም አንድ ጕድለት አለበት፤ በሐሳቡ ውስጥ ትልቁ ሰው ሰጪው ነውና። ዋጅር ግን ስጦታቸውን አልተቀበለችም። ነጭ ነበሩ፤ ክርስቲያን ነበሩ፤ ወጣት ነበሩ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ለአገሩ ሰው ሊገባ ያልቻለው፣ ባል አላገቡም ነበር። ልጅ የሌላትና ልትወልድም የማታስብ ሴት በዚያ ማኅበር ውስጥ ምን ቦታ ይኖራታል? መጀመሪያ ላይ ልጆች ድንጋይ ይወረውሩባቸው ነበር።

በዋጅር ሆስፒታል አጠገብ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ሰዎች ተለይተው የሚኖሩበት ክፍል ነበር። ነቀርሳ በዚያ ሕዝብ ዘንድ የአምላክ ቍጣ ምልክት ተደርጎ ይቈጠር ስለ ነበር በሽታውን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ የያዘውም ሰው ቤተሰቡ ጥሎት ይሄዳል። ወይዘሪት አናሌና ስለ ሕክምና አንዳች የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የነበራቸው አንድ ነገር መንግሥት ለመምህርነታቸው የሰጣቸው የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት ነው። ከጣራው ላይ የዝናም ውሃ ያጠራቅሙ ነበርና ያን ጣፋጭ ውሃ በጀሪካን እየተሸከሙ ወደ ሕመምተኞቹ ክፍል ይሄዱ ጀመር፤ ከየዕቃው ውስጥ የነበረውን ጨዋማ ውሃ ደፍተው በዝናሙ ውሃ ይሞሉላቸዋል። ሕመምተኞቹ አላመሰገኗቸውም። አያያዛቸው የማያምር፣ ቋንቋቸው የማይገባ፣ ቶሎ ቢሄዱ የሚሻል ሴት አድርገው ተመለከቷቸው። ይህን ሁሉ ራሳቸው በ2001 መጨረሻ በቫቲካን በተደረገ ጉባኤ ላይ ሳይሸሽጉ ተናግረዋል።

እኔ እንደሚመስለኝ የሕይወታቸው መታጠፊያ ይኸው የማይፈለግ ውሃ ነው። ብዙ ደግ ሰዎች ስጦታቸው ሲናቅ ያኰርፉና ይመለሳሉ። መምህርም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው የማይወደው መምህር ወይ ይቈጣል ወይ ልቡን ዘግቶ ደመወዙን ይቀበላል። ወይዘሪት አናሌና ግን ሁለቱንም አላደረጉም። በማግሥቱም ውሃውን ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያም ከሕመምተኞቹ መኝታ አጠገብ መሬት ላይ ተንበርክከው መቀመጥ ለመዱ። ከላይ ሆኖ የሚሰጠውን ሰው ትተው ከታች ሆኖ የሚጠብቀውን ሰው ለመሆን ፈቀዱ ማለት ነው። ቋንቋውን ተማሩ፤ ሰላምታውን፣ የጎሣውን ቍጥር፣ ሰው ሲሞት የሚባለውንና የማይባለውን ተማሩ። እስከዚያ ቀን አስተማሪ የነበሩት ሴት ከፊደል ቈጣሪ ጀምረው ተማሪ ሆኑ፤ መምህሮቻቸውም ደም የሚተፉ፣ ዘመድ የጣላቸው ሰዎች ነበሩ።

ያን ጊዜ የነቀርሳ ሕክምና አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅ ነበር። ችግሩ የመድኃኒቱ ማጣት ብቻ አልነበረም። ሕመምተኛው ጥቂት ሳምንታት መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ሳሉ ይቀንስለታል፤ ሥጋውም ይመለሳል፤ ድኛለሁ ብሎም ይሄዳል። በሽታው ግን አልሞተም። ቈይቶ ሲመለስ የቀድሞው መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ይመለሳል። ይህ በከተማ ሰው ላይ ከባድ ከሆነ ዝናም ተከትሎ ግመሉን ይዞ በሚዞር ዘላን ላይ እንዴት ይሆናል? የጤና ሹማምንት ዘላንን ከነቀርሳ ማዳን አይቻልም ወደ ማለት ደርሰው ነበር።

ወይዘሪት አናሌና ከዘላኖች የተማሩትን መልሰው ለዘላኖች አዋሉት። ዘላን በሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ አይቀመጥም፤ ጎጆውን በተከለበት ቦታ ግን ይቀመጣል። ስለዚህ በ1976 በዋጅር በተጀመረው ሥራ ሕመምተኞቹ ጎጆአቸውን ነቅለው መጥተው በሕክምናው ቦታ አጠገብ እንዲተክሉ፣ በዚያም ስድስት ወር እንዲኖሩ ተደረገ። መንደሩ ማንያታ ተባለ። በየቀኑ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ክኒኑን በሰው ዐይን ፊት ይውጣል፤ መዋጡም በመዝገብ ይጻፋል። ስድስቱ ወር ሲፈጸም ጤነኛው ሰው ጎጆውን ጭኖ ወደ ግመሉ ይመለሳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1990ዎቹ ዓመታት ለዓለም ሁሉ ያስፋፋው፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን በአስታማሚው ፊት እንዲወስድ የሚያዘው ሥርዐት ከዚህ ጋር አንድ መንፈስ ያለው ነው። ወይዘሪት አናሌና ይህን ለመሥራት ብለው በኬንያ የነቀርሳን፣ በእንግሊዝ የሞቃት አገር በሽታን፣ በስፔን የሥጋ ደዌን አያያዝ ተምረው የምስክር ወረቀት አግኝተዋል።

ስለ ፍቅር ሲነገር እንባና እቅፍ ብቻ የሚታየው ሰው ይህን ማንያታ ቢመለከት መልካም ነው። ስድስት ወር ማለት 180 ቀን ነው። በ180ኛው ቀን የሚሰጠው ክኒን በመጀመሪያው ቀን ከተሰጠው አይበልጥም፤ አያንስምም። ወይዘሪት አናሌና በዚህ ነገር ብርቱ ነበሩ፤ ጨካኝ ናቸው የሚሏቸውም አልጠፉም። አንድ ሕመምተኛ ቢቀር ለምን ቀረ ብለው ይፈልጉታል፤ ይቈጣሉ፤ ይለምናሉ። ለራሳቸውም አያዝኑም ነበር፤ ሌሊት የሚተኙት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከጥቂት ልብስና ከነጠላ በቀር ንብረት አልነበራቸውም፤ ደመወዝም አልተቀበሉም። ከኢጣሊያ የመጡ ሴት ጓደኞቻቸው በዋጅር አብረዋቸው ሆነው ሽባዎችን፣ ዕውሮችንና የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች ሰብስበው አሳደጉ። ይህን ሁሉ ሳስብ በየጧቱ የስም መጥሪያ መዝገብ ይዞ ከክፍል የሚገባው መምህር ሥራ ከሚመስለው በላይ የከበረ መሆኑ ይታየኛል፤ የቀረውን ልጅ ስም ሲጠራ ዝም ብሎ የሚያልፈው ግን ክኒኑን ሳይሰጥ የሚያልፍ አስታማሚ ነው።

ዋጅርም ቀስ በቀስ ልቧን ከፈተች። ከብዙ ዓመት በኋላ ከአገሩ ሽማግሎች አንዱ ስለ እሳቸው ሲፈርዱ፣ እስላሞች በእምነት ቢበልጡ እንኳ በፍቅር የምትበልጠው ይህች ሴት ናት ማለታቸው ተነግሯል። ይህ ፍርድ ለክርስቲያን ምስጋና ነው ወይስ ተግሣጽ? ወይዘሪት አናሌና እንደ ትልቅ ስጦታ ተቀበሉት።

የፍቅራቸው ከባዱ ፈተና የመጣው በፌብሩዋሪ 1984 ነው። የኬንያ የጸጥታ ኀይሎች የደጎዲያ ጎሣ ወንዶችን ከየቤታቸው እየሰበሰቡ ከዋጅር አጠገብ ባለው በዋጋላ አየር ማረፊያ ሜዳ ላይ አጐሯቸው። ከፌብሩዋሪ 10 ቀን ጀምሮ ለአራት ቀን ያህል ልብሳቸው ተገፎ፣ ያለ ውሃና ያለ ምግብ በፀሐይ ላይ ቈዩ፤ ብዙዎቹም ተገደሉ። መንግሥት በመጀመሪያ የሞቱት 57 ናቸው አለ፤ ከዓመታት በኋላ 380 መሆናቸውን ተቀበለ፤ ሌሎች ግን ቍጥሩን በሺሕ ያደርሱታል። የሀርጌሳን አየር ማረፊያ ያስታወሰ አንባቢ ሁለቱ ሜዳዎች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ሳይታየው አይቀርም፤ አንዱ መንግሥት ከሜዳው ተነሥቶ ሕዝቡን ገደለ፤ ሌላው ሕዝቡን ወደ ሜዳው አምጥቶ ገደለ።

ወይዘሪት አናሌና መኪና ይዘው ወደ ዱር ወጡ። የቈሰሉትን ጫኑ፤ የሞቱትን ለቀሙ፤ ቀበሩ። ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ዕድሜያቸውን ያናወጠው። ፎቶግራፍ አነሡ፤ የሟቾችንም ስም ጻፉ፤ ወሬው ወደ ውጭ አገር እንዲደርስ አደረጉ። ዝም ቢሉ ኖሮ የነቀርሳ ሥራቸው ሳይነካ ይቀጥል ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖር ይሆናል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም፤ በማንያታው ውስጥ ክኒናቸውን የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች ነበሩና። እኔ ግን ስማቸውን አንድ በአንድ ሲመዘግቧቸው የኖሩትን ሰዎች በሞቱ ጊዜ ስም እንዲያጡ መተው ለእሳቸው የሚቻል አልነበረም እላለሁ። በሕይወት የተጠራ ስም በሞትም መጠራት ነበረበት። ዋጋውንም ከፈሉ፤ ከጥቃት ለጥቂት አመለጡ፤ በ1985ም ከአገሩ እንዲወጡ ተደረጉ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል የኖሩባት ዋጅር እንዲህ ተዘጋችባቸው። የኬንያ የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ሪፖርት የዋጋላውን ፍጅት በዝርዝር መርምሮ የመንግሥቱን ጥፋት ገልጿል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ አልፋለሁ። ወደ ሶማሊያ ሄደው በበለድ ወይን፣ በመርካና በሞቃዲሾ ሠሩ። በ1991 መንግሥት ሲፈርስ፣ ረኃቡም ሲበረታ፣ በመርካ በነቀርሳ ሆስፒታላቸው ውስጥ ሕመምተኛውንም የራበውንም አንድ ላይ ያዙ። ተዘረፉ፤ ተደበደቡ፤ ታገቱ። በመርካ የጀመሩትን ሥራ ለመቀጠል የመጡት ኢጣሊያዊት ሐኪም ግራሲየላ ፉማጋሊ ኦክቶበር 22 ቀን 1995 እዚያው ተገደሉ። ይህ ሞት ለወይዘሪት አናሌና ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነባቸው መገመት አያስቸግርም፤ ወደ ኢጣሊያ ለመመለስ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ሊገኝ አይችልም ነበር። እሳቸው ግን በ1996 ወደ ሰሜን ዞረው ቦራማ ገቡ።

በቦራማ የቀድሞውን ሥራ እንደ አዲስ ጀመሩ። ሕመምተኞቹ ከሶማሊላንድ ብቻ ሳይሆን ከጅቡቲና ከእኛም አገር ወሰን ተሻግረው ይመጡ ነበር። ከመካከላቸውም ቀደም ሲል በደርወናጂ፣ በተፈሪ በርና በሐርቲ ሼክ በስደት ኖረው የተመለሱ ነበሩ። ስድስት ወር በሆስፒታል የሚቀመጥ ሰው ጊዜው ባክኖ እንዳይቀር ለሕመምተኞቹ ትምህርት ተሰጠ፤ ፊደል የቈጠሩም፣ ቍርኣን የተማሩም ነበሩ። ክርስቲያኒቱ የቍርኣን ትምህርት በግቢያቸው እንዲሰጥ አደረጉ ሲባል የሚደነግጥ አንባቢ ቢኖር፣ የአክሱም ንጉሥ በሰባተኛው መቶ ዓመት ከመካ የተሰደዱትን እስላሞች ተቀብሎ ሃይማኖታቸውን ሳያስለውጥ እንዳኖራቸው ያስታውስ፤ ይህ ታሪክ በእኛም ሆነ በሶማሌዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ለመምህራን ሁሉ ደስ የሚያሰኘው ግን መስማት ለተሳናቸው ልጆች የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ አገር መስማትና መናገር የማይችል ልጅ አእምሮ እንደሌለው ተቈጥሮ ከቤት ጥግ ይቀመጥ ነበር፤ ቤተሰቡ ቢወደው እንኳ የሚያነጋግርበት ቋንቋ አልነበረውም። ወይዘሪት አናሌና እነዚህን ልጆች በምልክት ቋንቋ እንዲማሩ ሰበሰቧቸው፤ ሌላ አካል ጕዳት ያለባቸውም ተጨመሩ። አንድ ልጅ አሥር ዓመት በዝምታ ከኖረ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቱ የሚሆን ምልክት አግኝቶ በእጁ ሲጠራት ምን ዐይነት ቀን እንደሚሆን አስቡት። ከውጭ አገር የዓይን ሐኪሞች በየጊዜው እየመጡ የዓይን ሞራ እንዲገፍፉ በማድረጋቸው በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ብርሃናቸውን መልሰው አገኙ። በሴቶች ልጆች ግርዛት ላይም ከአገሩ ሴቶችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሆነው ተከራከሩ። ይህንም ሲያደርጉ እንደ ፈራጅ አልገቡም፤ ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ እንደ ቤተ ዘመድ ተናገሩ።

በቦራማ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። የጅቡቲው የካቶሊክ ጳጳስ አልፎ አልፎ መጥተው ቅዳሴ ይቀድሱላቸው ነበር፤ ከዚያ በቀር ጸሎታቸው የብቻቸው ነው። ማንንም ስለ ሃይማኖቱ አልሰበኩም። ይህን እንደ ጕድለት የሚቈጥሩባቸው ክርስቲያኖች አሉ፤ ያመኑትን ካልተናገሩ ፍቅራቸው ከተራ ደግነት በምን ይለያል ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በሆስፒታሉ ውስጥ የሚገኝ ይመስለኛል። ሊለውጠው ብሎ ሰውን የሚወድ ሰው ያ ሰው ሳይለወጥ ሲቀር ፍቅሩ ይቀዘቅዛል፤ እሳቸው ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሃይማኖታቸውን የማይቀበሉ ሰዎችን እየወደዱ አልቀዘቀዙም። ከዚያ የሚበልጥ ምስክርነት ካለ አላየሁትም። የዋጅሩ ሽማግሌም ያለ ስብከት የክርስትናን ልብ ማግኘታቸውን አንርሳ።

ፍቅራቸው ሁሉን ሰው እሺ አሰኝቷል ማለት ግን አይደለም። የኤድስ ሕመምተኞችን መቀበል ሲጀምሩ በከተማው ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ፤ በሽታውን ያመጣችብን እሷ ናት፣ ነቀርሳውንም ከየአገሩ የምትሰበስብብን እሷ ናት የሚሉ ሰዎች ተሰብስበው ሆስፒታሉን በድንጋይ ደበደቡት። ከዋጅር ልጆች ድንጋይ በኋላ ሠላሳ ዓመት አልፎ ሌላ ድንጋይ መጣ። ወይዘሪት አናሌና በሚቀጥለው ቀን ያደረጉት ከዚህ በፊት ሲያደርጉት የኖሩትን ነው፤ የኤድስ ሕመምተኞቹንም አላስወጡም።

በጁን 2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት በጄኔቫ የናንሰንን ሽልማት ሰጣቸው። ከሽልማቱ ጋር የነበረውን 100,000 ዶላር ለሥራቸው አዋሉት። ዝናን የሚሸሹ ሴት ስለ ነበሩ ፎቶግራፍ መነሣትና ቃለ መጠይቅ መስጠት ከበደባቸው፤ ሆኖም ገንዘቡ ለሕመምተኞቹ ያስፈልግ ነበርና ሄዱ፤ ተቀበሉ፤ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የቀራቸው ጊዜ አራት ወር አይሞላም። ኦክቶበር 5 ቀን 2003፣ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 24 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ፣ በዚያው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሳሉ ታጣቂዎች ራሳቸውን በጥይት መትተው ገደሏቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ነበር። የቦራማ ሕዝብ አለቀሰ፤ ትናንት ድንጋይ ከወረወሩት መካከልም ያለቀሱ ይኖራሉ ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ፣ ኦክቶበር 20 ቀን፣ በሼክ ከተማ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ሪቻርድና ኢኒድ አይንግተን በመኖሪያ ቤታቸው ተገደሉ። እነርሱም የሙያ ባልንጀሮቻችን ነበሩና በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስማቸው ሳይጠራ እንዲቀር አልወደድሁም።

ሬሳቸው ወደ ኢጣሊያ አልተመለሰም። እንደ ፈቃዳቸው ዕረፍታቸው በዋጅር፣ ይጸልዩበት በነበረው ቦታ ሆነ። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ከሞቱ በኋላ በኢጣሊያንኛ ታትመው ወጥተዋል። ከማኅበራችን አባሎች መካከል ያን ቋንቋ የሚያውቅ ቢገኝ፣ ከዋጅር የጻፉትን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደብዳቤዎች፣ ገና ማንም ሳይወዳቸው የጻፉትን፣ ወደ አማርኛ ቢመልሳቸው ለመምህራን ማሠልጠኛዎች ተማሪዎች የሚጠቅም ንባብ ይሆናል።